የዘይነባ ቁጠባ እና ዋቢ የሚለው ቃል

እሑድ ከጸሎት በኋላ ስወጣ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የሚያቆመኝ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ ልጆቼን ይጠይቁኛል፤ ቀጥሎ ጤናዬን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሃዳ ቢፍቱ፣ ገንዘብ ባንክ ይሻላል ወይስ የቁጠባ ማኅበር?" ይላሉ። ሃዳ ቢፍቱ ማለት የቢፍቱ እናት ማለት ነው። በነቀምቴ የክርስትና ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። በበኩር ልጄ መጠራቴን ግን እወደዋለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ሥራ ላይ ሳለሁ ሰው እንዲህ አይጠይቀኝም ነበር። ባንክ ውስጥ ሳለሁ ለባንኩ፣ ማኅበር ውስጥ ሳለሁ ለማኅበሩ አደላለሁ ብሎ ይሆናል። አሁን የማደላለት የለኝም።

በር ላይ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ክፍያውን ጠይቁ፣ ለማንም ዋስ ሆናችሁ አትፈርሙ። ረጅሙን እዚህ እጽፈዋለሁ። ከሥራ ዘመኔ ውጪ ሌላ መልስ የለኝም። ለዚህ ያደረሰኝ አምላክ ይመስገን።

ባንክ የገባሁት ከንግድ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። የነቀምቴው ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ አድርጎ ቀጠረኝ። አባቴ ከሸዋ የመጣ መምህር ነበር፤ እናቴ የዲጋ ሴት ናት። ሁለቱም ቋንቋ ከልጅነቴ አፌ ላይ ነበር፤ የቀጠሩኝም ለዚያ ይመስለኛል። ያኔ ወረቀቱ ሁሉ በአማርኛ ነበር፤ በመስኮቱ ፊት የሚቆመው ሰው ደግሞ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ዋናው ገንዘብ ያዥ ኦቦ ቶለራ ናቸው። ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ሹራባቸውን በበጋም አያወልቁም። ብር መቁጠር የሚጀመረው ከጆሮ ነው ይሉ ነበር። "አትመልከቺው፣ ስሚው" ይሉኛል። ደረቅ ብር ሲገለጥ ድምፅ አለው፤ ሐሰተኛው ድምፁ ሌላ ነው። የገበያ ቀን ብር ደግሞ ምንም ድምፅ የለውም፤ ከመቀነት ወጥቶ ስለሚመጣ ላብ ይዟል። የቅቤ ነጋዴዎችን ብር ለብቻ ያስቀምጡና ከሁለቱም ጫፍ ይቆጥሩታል። ቅቤ የነካው ብር ይጣበቃል፤ አንድ መስሎ ሁለት ነው። በዚህ ምክንያት ተረፈ ብለው ለባለገንዘቡ የሚመልሱት ብር ጎደለ ከሚሉት ይበልጥ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ሰው ሊፈርም ሲል የሚያደርጉትን ነው። ወረቀቱን በግንባሩ ይደፉታል። መዳፋቸውን ላዩ ላይ ያሳርፉና "ሜ ሂሚ" ይላሉ፤ እስቲ ንገረኝ ማለት ነው። ሰውየው የሚፈርምበትን ነገር በራሱ አፍ ካልነገራቸው ብዕሩን አያገኝም። የተማረም ያልተማረም ለእሳቸው አንድ ነበር። ሰልፉ ያጉረመርማል፤ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ብቅ ብሎ ያያቸዋል፤ እሳቸው ቀና አይሉም።

አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌር፣ "ኦቦ ቶለራ፣ ማሎ፣ መኪናዬ መንገድ ዘግቶ ቆሟል" ብሎ ለመናቸው።

"ይቁም" አሉት። "መኪናው አንተ ስትሄድ ይሄዳል። ፊርማህ ግን እዚሁ እኛ ጋ ነው የሚያድረው።"

ሾፌሩ ሳቀ፤ ከዚያ ተናገረ። የተናገረው ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። እንደገና ተጻፈለት።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሥራውን ከእሳቸው በመማሬ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ከዚያ ዲጋ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት እኔን ላኩኝ። የእናቴ አገር ስለሆነ ደስ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ ግን ይጠየቃል። ስንት ሂሳብ ተከፈተ፣ ስንት ካርድ ተሰጠ እየተባለ። ያኔ ዲጋ ውስጥ ገንዘብ የሚከፍል ማሽን አልነበረም። ካርዱን ለመጠቀም ነቀምቴ ድረስ መሄድ ነው። እኛ ግን ካርዱን ለገበሬው ሁሉ እንሰጥ ነበር። አንድ አዛውንት ከመታወቂያ ጋር አደባልቀውት ኬላ ላይ ያሳዩት ነበር። ፖሊሱም ያሳልፋቸዋል፤ ፎቶ የሌለው መታወቂያ ለምን እንደያዙ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃቸውም።

ካርዱ በየዓመቱ ያስከፍላል። በስልክ የሚላከው መልእክትም ያስከፍላል። ሥራ አስኪያጁን፣ "ይህ ሰው እኮ ስልክ የለውም" አልኩት።

"ቁጥር ሰጥቷል።"

"የልጁ ነው።"

"ልጁ ይነግረዋላ" አለኝና ሳቀ።

ልጁ አይነግረውም ነበር። ልጁ አዳማ ነው።

በዚያ ዘመን ባለቤቴ አረፈ። ደመወዜ ጠባብ ነበር፤ ልጆቼ ግን አልተራቡም። ተመስገን።

ከዲጋ ወደ ነቀምቴ ስመለስ ከመስኮቱ አንሥተው ደንበኛ የሚቀበለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ዘይነባን ያገኘኋት እዚያ ነው። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ በገበያ ቀን ከቆላው ከኡኬ ትመጣለች። ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አግብታ፣ ባሏንም እዚሁ ቀብራለች። ባሏ ሲሞት የነበራቸውን ጥማድ በሬ ገንዲ ፈጀባት። ገንዲ በዚያ ቆላ ከብት የሚጨርስ በሽታ ነው። በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ ማለት ባለበሬው ያርሳል፣ ከምርቱ ግማሹን ይወስዳል። ዘይነባ በየዓመቱ ግማሽ ምርቷን እያጣች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ገንዘቧን የምታጠራቅመው ጥማድ በሬ ልትገዛ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና፣ "አንቺዬ፣ ብሬን ማነው የሚቆነጥረው?" አለችኝ።

አየሁት። የተቆረጠባት የካርድና የመልእክት ክፍያ ነው። መልእክቱ የሚሄደው የባሏ ወንድም ትቶት ወደ ነበረ ቁጥር ነው። ካርዱን ደግሞ ወስዳው አታውቅም።

"ያልወሰድኩት ካርድ ያስከፍላል?"

"ተሠርቷል። መሳቢያችን ውስጥ ነው።"

"እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ኪራይ የምከፍለው እኔ?"

"እንደዚያ ነው።"

"ወላሂ፣ እኛ አገር በግ ሲጠብቁልሽ ጠቦቱን ይካፈሉሻል እንጂ የእናቲቱን እግር አይቆርጡም።"

ካርዱን ሰረዝኩላት፤ መልእክቱን አስቆምኩላት። ያለፈውን ግን መመለስ አልቻልኩም። የማይቆነጥር ቦታ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ስለ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ነገርኳት።

እዚህ ላይ ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምለውን ልበል። ባንክ ስትሄዱ ሂሳብ ከመክፈታችሁ በፊት የክፍያውን ዝርዝር አሳዩኝ በሉ። ማሳየት አለባቸው። በአጠገባችሁ ማሽን ከሌለ ካርድ አትቀበሉ፤ አስገዳጅ አይደለም። ማሽን ካለ በራሳችሁ ባንክ ማሽን አውጡ፤ የሌላው ይቆርጣል። የስልክ መልእክት ጥሩ ነው፤ ስልኩ የራሳችሁ ከሆነ። የማትጠቀሙበትን ሂሳብ ዝጉ፤ ዝም ብሎ የቆየ ሂሳብ ይቆለፋል፤ ለማስከፈት መመላለስ አለ።

ማኅበር ሌላ ነው። ስትገቡ የመመዝገቢያ ትከፍላላችሁ፤ ዕጣ፣ ማለት የባለቤትነት ድርሻ፣ ትገዛላችሁ፤ በየወሩ ትቆጥባላችሁ፤ ወር ከዘለላችሁ ቅጣት አለ። ካርድ የለም፣ መልእክት የለም፣ የሚቆነጠር የለም። ነገር ግን መደበኛ ቁጠባችሁን ከማኅበሩ ሳትለቁ ማውጣት አትችሉም። ስትገቡ ጉባኤው መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ሂሳቡን ማን እንደሚመረምር ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ሰው ካጣችሁ አትግቡ። ይህን ሁሉ ያኔ ለዘይነባ ነግሬያታለሁ። ገባች።

እኔም ጥቂት ቆይቼ ተከተልኳት። ባንኩን ሳልጣላ ነው የለቀቅኩት። ማኅበሩ ሂሳብ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር፤ ቢሮው ቡርቃ ጃቶ ቀበሌ ከቤቴ አጠገብ ነው፤ ልጆቼን ምሳ ማብላት እችላለሁ። ደመወዙ አነሰ። ሌላው ሁሉ በዛ።

ሥራው አንድ ይመስላል፤ አይደለም። ባንክ ውስጥ የማውቀው ቁጥሩን ነበር፤ ማኅበር ውስጥ ሰውየውን ነው። የማን ሚስት እንዳረገዘች፣ የማን ሱቅ እንደተቀዛቀዘ ካላወቅሽ ብድር መስጠት አትችይም። ትልቁ ልዩነት ግን መያዣው ነው። ባንክ ለብድር የቤት ካርታ ይጠይቃል። ማኅበር የሚጠይቀው ሁለት ሰው ነው። ተበዳሪው ካልከፈለ የሁለቱ ሰዎች ቁጠባ ይያዛል፤ ደንቡ ይህን በግልጽ ይላል። ቅጹ የሚሞላው በኦሮምኛ ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎች በቅጹ ላይ ዋቢ ይባላሉ።

እኔ ከመግባቴ በፊት ገመቹ የሚባል አባል ለወፍጮ ተበድሮ ነበር። የኡኬ ሰው ነው፤ የዘይነባ ጎረቤት። ባሏ ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው፤ በርበሬዋንም ያለ ኪራይ ይፈጭላት ነበር። ብድሩን በየወሩ ያመጣል። ወሬው መልካም ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልጽፍም፤ የኖረው ያውቀዋል። የኡኬ አካባቢ ሰው ሰሌኑን ተሸክሞ ነቀምቴ ገባ፤ ኦሮሞውም አማራውም። በትንንሾቹ ከተሞች ባንኮች ተዘጉ። ነቀምቴ ያሉትም መስመር ሲቋረጥ መክፈል አቃታቸው፤ ሰው ደብተሩን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ገንዘቡ አለው፣ ግን የለውም። እኛ ከካዝናችን ለየቤቱ የዱቄት መግዣ እየቆነጠርን ሰጠን። የትንሽ ማኅበር ጥቅም ያኔ ታየኝ። ጉዳቱም የመጣው ወዲያው ነው፤ የተበደረው ሁሉ የተፈናቀለው ያው አባላችን ነበርና።

የገመቹ ወፍጮ ተቃጠለ። አንድ ቀን ጋብ ሲል የተረፈ ብረት ካለ ልይ ብሎ ወደ ኡኬ ሄደ። አልተመለሰም። ሚስቱ ጫልቱ ሞተ ብላ አላለቀሰችም፤ አለ ብላም መጠበቅ አልቻለችም። የሞተ አባልን ዕዳ የሚሸፍን ጥቂት መጠባበቂያ ነበረን፤ ግን የሞት ማስረጃ ይጠይቃል። አስከሬን የለም፣ ያየ ሰው የለም፣ ቀበሌው ምን ብሎ ይጻፍ?

አገር ትንሽ ረጋ ሲል ሰው መመለስ ጀመረ። ዘይነባ አንድ ጠዋት ቢሮ መጣች። በላስቲክ ጫማዋ ላይ የኡኬ ቀይ ጭቃ ነበር። ደስ ብሏታል።

"ሃዳ ቢፍቱ፣ ከማኅበሩ ልወጣ ነው። አትቆጭኝ። ጥማዱን አይቼዋለሁ፤ ባለቤቱ እስከ ገበያ ቀን ይጠብቀኛል።"

መዝገቧን አወጣሁ። ሳየው ተቀመጪ አልኳት። "ቁጠባሽ ተይዟል ዘይነባ።"

"በምን?"

"በገመቹ ብድር። ዋሱ ነሽ።"

"ኧረ እኔ ዋስ አይደለሁም" አለችኝ፤ የተሳሳትኩ መስሏት በለዘብታ። "እኔ ዋቢ ነኝ።"

ቅጹን መዝገቡ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ።

"ዋቢ ሁኚው አሉኝ፤ ሆንኩ። ገመቹን አውቀዋለሁ፣ ሌባ አይደለም፣ ጎረቤቴ ነው ብዬ መሰከርኩ። ዛሬም እመሰክራለሁ። ወረቀቱን አምጪና ልድገመው።"

ያኔ ነገሩ ገባኝ። በኦሮምኛ ዋቢ ማለት ዋስ ነው፤ ያውም በንብረቱ የሚጠየቅ። ዘይነባ ከቤቷ ይዛው በመጣችው አማርኛ ዋቢ ማለት የሰውን ቃል የሚያጸና፣ ምስክር ነው። ኦሮምኛ ትችላለች፤ ገበያ ውላ ትገባበታለች። የማታውቀው ቃል ቢሆን ኖሮ ምንድን ነው ብላ ትጠይቅ ነበር። ይህን ግን ታውቀዋለች። ስለምታውቀው አልጠየቀችም።

ጉዳዩን ለብድር ኮሚቴው አቀረብኩ። ሰብሳቢው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሚስማርና ቆርቆሮ እየሸጡ እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ቅጹን ያስሞላውም የኮሚቴ አባል ተቀምጧል።

"ዋቢ ሁኚው አልኳት፤ እሺ አለች" አለ። "ሌላ ምን ልበላት?"

"ሃዳ ቢፍቱ፣ ሴትየዋ ኦሮምኛ ትችላለች እኮ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "በኦሮምኛ ተከራክራኝ በኪሳራ ሚስማር ወስዳለች።"

"ሚስማሩን በኦሮምኛ ነው የገዛችው ጋሽ ወልዴ። ዋቢን ግን በአማርኛ ነው የሰማችው።"

"ታዲያ ማንን እንቅጣ? ቃሉን?"

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስሚኝ ልጄ። ይህ ብር የእኔ አይደለም፣ የአንቺም አይደለም። የሷን ብንለቅ ነገ ዋስ የሆነ ሁሉ አልገባኝም ነበር ይላል። ያን ጊዜ ቆጣቢው ሲመጣ ከየት እንከፍላለን? እሱም እኮ ሌላ ዘይነባ ነው።"

ሰውየው አልተሳሳቱም። ያስቸገረኝም ይህ ነው። እስከ አዝመራ እንጠብቅ አልኩ፤ ወለድ ይቆጥራል ተባልኩ። ዕዳው በሁለቱ ዋሶች እኩል ይከፈል አልኩ፤ ሁለተኛው ዋስ ቁጠባው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ጉባኤ ይየው አልኩ፤ መንገዱ በዚህ ሁኔታ ጉባኤ ማን ይመጣል ተባልኩ። እጅ ሲወጣ ከእኔ ጋር የቆመ አንድ ሰው ነበር። ዕዳው ከዘይነባ ቁጠባ ይቆረጥ ተባለ፤ የኮሚቴው ውሳኔ በእኔ እጅ ይፈጸማል፤ ሂሳብ ሠራተኛዋ እኔ ነኝ።

ዘይነባን ጠርቼ ነገርኳት። አልጮኸችም።

"እንግዲያው እኔም ልንገርሽ" አለችኝ። "ባውቅ ኖሮ አልፈርምም ነበር። ልጆች አሉኝ፤ ለሰው ወፍጮ ብዬ በሬዬን አላስይዝም። ያን ቀን እዚህ ክፍል የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ገመቹም ያውቃል። ያላብራሩልኝ ለዚህ ነው።"

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰውየው ቃሉ እንደማይገባት አስቦ ይሆናል፤ ጭራሽ ሳያስብም ይሆናል። የተረፈላትን ጥቂት ገንዘብ የምትረከብበት ወረቀት ነበር። ከመፈረሟ በፊት ደፋሁት፤ እጄን ላዩ ላይ አሳረፍኩ። ምን እንደሚል ትነግረኝ ዘንድ ጠየቅኳት።

"በሬዬን ወሰዳችሁ ይላል" አለች።

ትክክል ነበር። ብዕሩን ሰጠኋት።

ያን ዓመት መሬቷን እንደገና ለእኩል ሰጠች። ጥማዱን ሌላ ሰው ወሰደው። ትልቋ ልጇ ትምህርት አቋርጣ ነቀምቴ ሰው ቤት ገባች። ጫልቱና ዘይነባ ገበያ ሲገናኙ "አካም ቡልቴ" ይባባላሉ፤ እንዴት አደርሽ እንደማለት ነው። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ለሁለቱም እጸልያለሁ። ምን ብዬ እንደምጸልይ የማላውቅበት ቀን አለ፤ ስማቸውን ብቻ እጠራለሁ።

ቅጹን ቀየርኩት። ዋቢ ከሚለው አጠገብ ዋስ የሚል ጨመርኩ። ከሥሩ፣ እሱ ካልከፈለ ከእኔ ቁጠባ ይወሰዳል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ቋንቋ አስገባሁ። ፈራሚው ጮክ ብሎ እንዲለው አደረግኩ፤ ማንበብ የማይችለው ከእኔ አፍ እየሰማ ይላል። ብዙ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ መሃል ላይ ይቆማል። ይቅርታ ብሎ ይወጣል። አንዳንዱ ተበዳሪ በር ላይ ከጓደኛው ጋር ይጣላል።

"ሰውን እያስፈራራሽ ብድሩን ገደልሽው" አሉኝ ጋሽ ወልዴ።

"የፈራው ይቅር ጋሽ ወልዴ።"

"የማይፈራማ ቁጠባ የሌለው ነው" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ቅጹን ግን አልነኩብኝም። በጡረታዬ ቀን ጋቢ ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ያክብራቸው።

ዘንድሮ ከክረምቱ በፊት ዘይነባ ቤቴ መጣች። በዚያ ሰሞን የኡኬ መንገድ ክፍት ነበር። ድልህ በጣሳ ይዛልኛለች። ከበርበሬ ያጠራቀመችው ትንሽ ገንዘብ አላት። የት ላስቀምጠው አለችኝ።

የማውቀውን ሁሉ አሰብኩላት። "ባንክ አስቀምጪው" አልኳት። "ተራ የቁጠባ ደብተር። ካርድ አትውሰጂ፣ ስልክ አታስመዝግቢ። የሚቆነጥርሽ የለም፤ የማንም ዋስ አትሆኚም።"

"ያስቀምጥልኛል። ያበድረኛል?"

"አያበድርሽም። ካርታ ያለው ቤት ይፈልጋል።"

"በዚህች ብቻ በሬ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

ሁለታችንም መቁጠር እናውቃለን።

"ማኅበሩ ተመልሼ ገብቻለሁ" አለችኝ። ከጉያዋ የብድር ቅጹን አወጣች። እኔው የቀየርኩት ቅጽ ነው። "አንዱን አግኝቻለሁ፤ የወንድሜ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ አንቺ ሁኚልኝ።"

"ዋስ?"

"ዋስ። ዋቢ አላልኩሽም።"

በማኅበሩ ያለኝ ቁጠባ የመጨረሻ ልጄ የኮሌጅ ክፍያ ነው። ሌላ የለኝም። ዘይነባ ይህን ታውቃለች፤ ጠይቃኝ ነግሬያት ነበር። አልለመነችኝም። ሻዩን ጠጥታ ጨረሰች።

"ካልሆነ ተይው" አለችኝ። "እኔ ብሆን አልፈርምም ነበር። ነግሬሻለሁ።"

እንዳስብበት ነገርኳትና ሸኘኋት። ቢፍቱ ስትሰማ፣ "እማዬ፣ ሰውን ሁሉ አትፈርሙ ብለሽ የምትመክሪው አንቺ አይደለሽ?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። ገንዲ እንዳለ አውቃለሁ። መንገዱ ነገ ሊዘጋ እንደሚችል አውቃለሁ። በሬ እንደሚነዳ፣ እንደሚታረድ፣ ሰው ሄዶ እንደሚቀር አውቃለሁ። ቆጣቢ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ አይፈርምም፤ ምክሬም አልተለወጠም። ጸለይኩ። የሰማሁት ድምፅ አልነበረም። የመጨረሻ ልጄን አስቀምጬ ነገርኳት፤ እሷም፣ "አንቺ ካልሽ" አለች። ከልቧ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። ዓረፍተ ነገሩን በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብዬ አልኩ። መሃል ላይ አላቆምኩም። ፈረምኩ።

በሬዎቹ ተገዝተዋል። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ዳለቻ። እኔ አላየኋቸውም። ባንክ ይሻላል ወይስ ማኅበር ለሚሉኝ አሁንም በር ላይ አጭሩን መልስ እሰጣለሁ። ከኡኬ የመጣ ሰው ሳገኝ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ዘንቧል ወይ እላለሁ።